የድንጋይ ንብርብሮች የጥንት ባህሮችን ከፍታ እንዴት መዝግበው ያቆያሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መንገድ ለመሥራት በተቆረጠ ኮረብታ ወይም ወንዝ በሸረሸረው ገደል ላይ ተነባብረው የሚታዩት የድንጋይ መስመሮች እያንዳንዳቸው በአንድ ወቅት ፀሐይ የመታቸው ወይም ውሃ የተኛባቸው መሬቶች ነበሩ። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች እነዚህን መስመሮች እያነበቡ «እዚህ ጥልቀት የሌለው ባህር ነበር፤ ከዚያ ሸሸ፤ ተመልሶም መጣ» ይላሉ። ይህን የሚሰማ ሰው «በምን አወቃችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ለእርሱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደለል አለት የሚባለው የትኛው ድንጋይ ነው?

ወንዝ፣ ነፋስና ማዕበል ያመጡት ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ፣ እንዲሁም የሞቱ የባህር እንስሳት ዛጎል አንድ ቦታ ተከማችቶ የሚፈጠረው ነው። በላዩ ሌላ ክምር ሲጫነው ውሃው ከውስጡ ይጨመቃል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የሚረጋው ማዕድንም እንደ ሲሚንቶ ያያይዛቸዋል። አሸዋው የአሸዋ ድንጋይ፣ ጭቃው የጭቃ ድንጋይ፣ ዛጎሉና ነጭ ዝቃጩ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ደግሞ ጂፕሰምና ጨው ይተዋል።

የታችኛው ንብርብር ከላይኛው እንደሚቀድም ምን ማረጋገጫ አለ?

ከታች ያለው ሳይቀመጥ ከላይ ያለው የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ይህን ቀላል የሚመስል ነገር በ1669 እንደ ሕግ አድርጎ የጻፈው ጣሊያን ይኖር የነበረው የዴንማርክ ተወላጅ ኒኮላስ ስቴኖ ነው። ችግር የሚመጣው የምድር ቅርፊት ታጥፎ ንብርብሮቹ ሲገለበጡ ነው። ያኔም ቢሆን ድንጋዩ የትኛው ጎኑ ላይ እንደነበረ ራሱ ያሳያል። ጭቃ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ ነው፤ ማዕበል በአሸዋ ላይ የሚተወው ሞገድ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ነው፤ የዕፅዋት ሥርም ወደ ታች ይወርዳል። እነዚህ ተገልብጠው ከተገኙ ንብርብሩ ተገልብጧል።

ድንጋይ የውሃን ጥልቀት እንዴት ሊያሳይ ይችላል?

ውሃ የተሸከመውን የሚጥለው እንደ ጉልበቱ ነው። ዳርቻው ላይ ማዕበል ያለ እረፍት ስለሚመታ ቀላሉ ጭቃ ታጥቦ ይሄዳል፤ የሚቀረው አሸዋና ጠጠር ነው። ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ማዕበሉ ወለሉን መንካት በሚያቆምበት ጥልቀት፣ ጭቃው በዝግታ ይረጋል። ከየብስ የሚመጣ ጭቃ እምብዛም በማይደርስበት ሞቅ ያለና ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ደግሞ የዛጎል ስብርባሪና የኖራ ዝቃጭ ይከማቻል። የቅንጣቱ መጠንና ዓይነት የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል።

ፍንጩን ወደ ማስረጃነት የሚያሳድጉት ዝርዝሮቹ ናቸው። በድንጋዩ ገጽ ላይ የቀረው የሞገድ ቅርጽ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ወዲያና ወዲህ የሚል ማዕበል ሠርቶታል፤ አንዱ ጎን ለስላሳ ተዳፋት፣ ሌላው ቀጥ ያለ ከሆነ ውሃው ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈስ ነበር። በተቃራኒ አቅጣጫ ያዘነበሉ ቀጫጭን መስመሮች እየተፈራረቁ ከተነባበሩ በየዕለቱ የሚሞላና የሚጎድል የባህር ውሃ ያስቀመጣቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ቅሪተ አካላቱም የራሳቸውን ይናገራሉ። በፀሐይ ብርሃን የሚኖሩ አልጌዎች ጨለማ ውስጥ አያድጉም፤ ሪፍ የሚባለውን የባህር ውስጥ የኖራ ግንብ የሚሠሩት ጥቃቅን እንስሳት፣ ኮራሎች፣ ከውሃው ገጽ ብዙ አይርቁም፤ ፎራሚኒፌራ የሚባሉት በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ባለዛጎል ፍጥረታትም እንደየዝርያቸው የሚመርጡት ጥልቀት አላቸው።

አንድ የኖራ ድንጋይ ቁራሽ ሰብሮ፣ አዲሱን ገጽ በውሃ አርሶ፣ በአጉሊ መነጽር መመልከት ብዙ ያስተምራል። ስስ ዛጎሎች ሳይሰበሩ በጭቃ ተከበው ከታዩ ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ዛጎሉ ተሰባብሮ፣ ጠርዙም ተሞርዶ ከታየ ማዕበል ሲያንከባልለው ኖሯል። አንዳንዱ ድንጋይ ደግሞ የዓሣ እንቁላል በሚመስሉ ጥቃቅን ድቡልቡል ቅንጣቶች የተሞላ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ከውስጧ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ የኖራ ልባስ አላት፤ ልባሱ የሚሠራው ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባህር ውስጥ ውሃው ቅንጣቷን ደጋግሞ ሲያንከባልላት ነው። ዛሬም በባሃማስ ደሴቶች ዙሪያ እንዲህ ያለ አሸዋ እየተሠራ ነው። የጥንቱን ለማንበብ ያስቻለን ዛሬ በዓይን የሚታየው ነው።

አሸዋ፣ ጭቃና ኖራ በአንድ ባህር ውስጥ ጎን ለጎን የሚከማቹ ከሆነ እንዴት አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው፤ ይህ ከገባ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

ባህር ወደ የብስ ሲገፋ ዳርቻው አብሮ ይሄዳል። የአሸዋው፣ የጭቃውና የኖራው ቀጠናም ዳርቻውን ይከተላል። ቀድሞ አሸዋ ይከማችበት የነበረው ቦታ ከዳርቻ ሲርቅ ጭቃ ይረጋበታል፤ ይበልጥ ሲርቅ ደግሞ ኖራ። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚቆፍር ሰው ከታች አሸዋ፣ ከመሃል ጭቃ፣ ከላይ ኖራ ያገኛል። በካርታ ላይ ጎን ለጎን የነበረው በገደል ላይ ከታች ወደ ላይ ይደረደራል። በኬሚስትነቱ የሚታወቀው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ በ1789 የዳርቻ ክምችትና የጥልቅ ባህር ክምችት ባህሩ ሲገባና ሲወጣ እንዴት እንደሚነባበሩ በሥዕል አስደግፎ አቅርቦ ነበር። ጀርመናዊው ዮሐንስ ዋልተር ደግሞ በ1894 ሕጉን በግልጽ አስቀመጠው፦ በመካከላቸው መቋረጥ ሳይኖር አንዱ በሌላው ላይ የሚገኙ የአለት ዓይነቶች ሲከማቹ ጎረቤታሞች በሆኑ አካባቢዎች የነበሩ ናቸው።

በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ ባለው ግራንድ ካንየን ይህ በግልጽ ይታያል። ከታች ታፒትስ የሚባል ቡናማ የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ በላዩ ብራይት ኤንጅል የሚባል አረንጓዴ ቀመስ የጭቃ ድንጋይ፤ በዚያ ላይ ሙአቭ የሚባል የኖራ ድንጋይ። ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በካምብሪያን ዘመን፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየገፋ የመጣ ባህር ትቷቸው የሄደ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። ባህሩ ወደ ምሥራቅ ሲገፋ ጊዜ ስለወሰደበት የታፒትስ ምዕራባዊ ጫፍ ከምሥራቃዊው ጫፍ በዕድሜ ይበልጣል። በምሥራቅ ገና የዳርቻ አሸዋ ሲከማች በምዕራብ ጭቃው ጀምሮ ነበር። በአንድ ስም የሚጠራ፣ በዓይንም አንድ ወጥ የሚመስል ንብርብር በሁሉም ቦታ እኩል ዕድሜ አለው ብሎ መነሳት ስህተት ላይ ይጥላል።

ባህሩ ሲሸሽስ ምን ይቀራል?

ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ከኖራ ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ አሸዋ፣ በመጨረሻም ወንዝና ረግረግ። ነገር ግን ባህር የተወው መሬት ለዝናብና ለወንዝ ይጋለጣል፤ ስለዚህ የሽሽቱ መዝገብ ብዙ ጊዜ ተሸርሽሮ ይጠፋል። የሚቀረው አንድ ስስ መስመር ነው። በመስመሩ ስር የኖራ ድንጋዩ በዝናብ ውሃ ተቦርቡሮ ዋሻ ዋሻ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም የሥር ምልክት ያለበት ቀይ የጥንት አፈር ይታያል፤ ወይም ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ በኋላ በመጣ ደለል ተሞልቶ ይገኛል።

ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ክፍተት ነው። ጠፍቶ ራሱ ይናገራል። በግራንድ ካንየን ከታፒትስ በታች ባለው መስመር ላይ አንዳንድ ቦታ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ የሚሆን መዝገብ የለም፤ እጅን ዘርግቶ ሁለቱን ድንጋዮች በአንድ መዳፍ መንካት ይቻላል። አሜሪካዊው ሎረንስ ስሎስ በ1963 የሰሜን አሜሪካን የመሃል ምድር ንብርብሮች በእንዲህ ያሉ ትላልቅ ክፍተቶች ለይቶ በስድስት ታላላቅ ጥቅሎች ከፈላቸው። እያንዳንዱ ጥቅል አንድ ረጅም የባህር መምጣትና መሄድ ነው።

የባህር ጠለል ከፍና ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው?

ፈጣኑ ምክንያት በረዶ ነው። ውሃ በየብስ ላይ በረዶ ሆኖ ሲከመር ባህር ይጎድላል። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን በበረታበት ጊዜ፣ የባህር ጠለል ከዛሬው ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። ዛሬ አንታርክቲካና ግሪንላንድ ላይ ያለው በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ ደግሞ ባህር ወደ 65 ሜትር ገደማ ይነሳል።

ዝግተኛው ምክንያት የባህሩ ሳህን ቅርጽ መለወጡ ነው። በውቅያኖስ መካከል አዲስ ወለል በብዛት ሲፈጠር፣ ትኩሱ ወለል ስለሚያብጥ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በክሬቴሺየስ ዘመን ይህና የበረዶ ማነስ ተደምረው ባህሩ አህጉራትን አጥለቀለቀ። ሰሜን አሜሪካ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እስከ አርክቲክ በተዘረጋ ባህር ለሁለት ተከፍላ ነበር። የእንግሊዝ ዶቨር ነጫጭ ገደሎችም የዚያ ዘመን ናቸው፤ የተሠሩትም በአጉሊ መነጽር ብቻ ከሚታዩ የአልጌ የኖራ ልባሶች ነው። ውሃ ሲሞቅ መስፋቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ መጠኑ ግን ከእነዚህ ያንሳል።

ባህሩ ነው የተነሳው ወይስ መሬቱ ነው የሰመጠው?

ከአንድ ገደል ብቻ መመለስ አይቻልም። ይህን በድፍረት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ የተሳሳተ ትረካ የሚመጣው ከዚህ ነውና። አንድ ንብርብር የሚመሰክረው በዚያ ቦታ የነበረውን የውሃ ጥልቀት ነው፤ የዓለምን ባህር ከፍታ አይመሰክርም።

በጣሊያን ኔፕልስ አጠገብ ባለችው በፖዙዎሊ ሦስት የእምነበረድ ዓምዶች ቆመዋል፤ የሮማውያን ዘመን የገበያ ሕንፃ ቅሪት ናቸው። የዓምዶቹ ግርጌ ለስላሳ ነው። ከሰው ቁመት ከፍ ሲል ግን ዙሪያውን በጥቃቅን ጉድጓዶች የተወጋ ሰፊ ቀበቶ ይታያል፤ ከዚያ በላይ እንደገና ለስላሳ ነው። ጉድጓዶቹን የቆፈረው ድንጋይ የሚቦረቡር ባለዛጎል የባህር እንስሳ ነው። ሕንፃው በየብስ ላይ ተሠራ፤ ዓምዶቹ ሳይወድቁ ባህር ውስጥ ሰመጠ፤ ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ታዲያ ባህሩ ነበር የተነሳውና የወረደው? በዚያ ዘመን በዓለም ዳርቻዎች ሁሉ ያን ያህል ለውጥ አልነበረም። ከስሩ ያለው እሳተ ገሞራ መሬቱን ያወርደውና ያነሳው ነበር። ቻርለስ ላየል በ1830 እነዚህን ዓምዶች መሬት እንደሚንቀሳቀስ ማስረጃ አድርጎ አቀረባቸው።

የስዊድንና የፊንላንድ ሰሜናዊ ዳርቻም የበረዶው ሸክም ስለወረደለት እስከ ዛሬ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል፤ እዚያ ባህሩ የሚሸሽ ይመስላል። ወንዞች ባህር በሚገቡበት ቦታ ደለላቸውን ከምረው የሚሠሯቸው ታላላቅ ዴልታዎች ግን በራሳቸው ደለል ክብደት ይሰምጣሉ። ሦስተኛም ነገር አለ፦ ወንዙ ብዙ ደለል ካመጣ የባህሩ ከፍታ ሳይለወጥ፣ እየጨመረም እያለ፣ ዳርቻው ወደ ባህሩ ሊገፋ ይችላል። መሬቱ፣ ባህሩና ደለሉ ሦስቱም አንድ ድንጋይ ላይ ይፈርማሉ።

መፍትሔው ምስክር ማብዛት ነው። ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ ዙስ በ1888 በዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሆነውን የባህር ለውጥ ከአካባቢያዊው ለይቶ ስም ሰጠው። በአንድ ዘመን በተለያዩ አህጉራት፣ በማይገናኙ የመሬት ቅርፊቶች ላይ፣ ባህሩ አብሮ ከገባና አብሮ ከወጣ ምክንያቱ የጋራ ነው።

ተመሳሳይ ንብርብሮች ደጋግመው የሚመጡበት ቦታ አለ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፤ በተለይ በአሜሪካ በካንሳስና በኢሊኖይ ባሉ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከማቹ ንብርብሮች። ከታች የወንዝ አሸዋ አለ። በላዩ የሥር ምልክት ያለበት ግራጫ የጥንት አፈር፤ ከዚያ ረግረጉ የተወው የድንጋይ ከሰል። ከሰሉ በድንገት ያልቅና የባህር ዛጎል ያለበት ኖራና ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ወደ ወንዝ አሸዋ ይመለሳል። እንደገና አፈር፣ እንደገና ከሰል፣ እንደገና ባህር፤ በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ።

ሃሮልድ ዋንለስና ፍራንሲስ ሼፐርድ በ1936 ምክንያቱን ከደቡቡ ታላቅ አህጉር ከጎንድዋና በረዶ ጋር አያያዙት፦ በረዶው ሲያብጥ ባህሩ ይሸሻል፣ ሲቀልጥ ይመለሳል። የበረዶውን ምት የሚቆጣጠረው ደግሞ የምድር ምህዋርና ዘንግ በአሥር ሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ለውጥ ነው። ከሰል በእጁ የያዘ ሰው የረግረጉን ደን ብቻ ሳይሆን ያን ደን ያሰመጠውን ባህርም ይዟል።

ተራራ ላይ የባህር ዛጎል መገኘቱ ባህሩ ያን ያህል ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው?

አይደለም። የኤቨረስት ጫፍ ከ440 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባህር የኖራ ድንጋይ ነው፤ ወደ 8,849 ሜትር ያነሳው ግን የሕንድና የእስያ መሬት መጋጨት ነው። ከላይ እንዳየነው የዓለም በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ የሚነሳው ባህር መቶ ሜትር አይሞላም። በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ የአሸዋ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ፣ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ተነባብረው መታየታቸው በጁራሲክ ዘመን ባህር ገብቶ እንደወጣ ይመሰክራል፤ ኖራው ዛሬ ከባህር ጠለል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መገኘቱ ግን የመሬቱ መነሳት ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉንና ዛሬ ያለበትን ከፍታ ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ለውጡ ስንት ሜትር እንደነበረ እንዴት ይለካል?

ለቅርቡ ዘመን ኮራል ጥሩ መለኪያ ነው። በባርቤዶስ ደሴት ዳርቻ ውሃ ስር ተቆፍሮ የወጣውና በ1989 ውጤቱ የታተመው ጥናት የተጠቀመበት የኮራል ዝርያ በብዛት የሚያድገው ከውሃው ገጽ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። ያ ኮራል ሞቶ ከ120 ሜትር ገደማ በታች ከተገኘና ዕድሜው ከታወቀ፣ የደሴቲቱ የራሷ መነሳት ተቀናንሶ ባህሩ ያኔ የት እንደነበረ ይታወቃል።

ለራቀው ዘመን የፎራሚኒፌራ ዛጎል ይመረመራል። ከባህር የሚተነው ውሃ ቀላሉን ኦክስጅን፣ ኦክስጅን 16ን፣ በብልጫ ይዞ ይሄዳል፤ ያ ውሃ በየብስ ላይ በረዶ ሆኖ ሲቀር ባህሩ በከባዱ ኦክስጅን 18 ይበለጽጋል። ዛጎሉም የባህሩን ድርሻ ይይዛል። የውሃው ቅዝቃዜም ዛጎሉ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚተው ሁለቱን መለየት ከባዱ ሥራ ነው።

ከምድር ስር ላሉ ንብርብሮች ደግሞ የድምፅ ሞገድ ይላካል፤ የሚመለሰው ነጸብራቅ የንብርብሮቹን ቅርጽ ይሥላል። ፒተር ቬይልና በኤክሶን የነዳጅ ኩባንያ የነበሩ ባልደረቦቹ በ1977 በዚህ ዘዴ የዓለምን የባህር ከፍታ ታሪክ የሚያሳይ መስመር አወጡ፤ በ1987ም የተሻሻለው ታተመ። መስመሩ ብዙ ሰው አስተምሯል፤ ብዙ ክርክርም አስነስቷል፤ ዋናው ክርክር የአካባቢ መሬት መንቀሳቀስ ምን ያህል ተቀላቅሎበታል የሚል ነው።

የንብርብሮቹ ዕድሜስ እንዴት ይታወቃል?

በንብርብሮቹ መካከል የተገኘ የእሳተ ገሞራ አመድ ዚርኮን የሚባል ማዕድን ይዞ ከሆነ፣ በውስጡ ዩራኒየም እርሳስ ወደሚባለው ብረት የተለወጠበት መጠን ይለካል። አመድ በሌለበት ቅሪተ አካላቱ ዕድሜው ከታወቀ ሌላ ቦታ ጋር ያገናኛሉ።

ባህር ሙሉ በሙሉ ሊደርቅ ይችላል?

ሜዲትራኒያን ወደዚያ ተቃርቦ ነበር። ከ6 ሚሊዮን እስከ 5.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በጅብራልታር አካባቢ ከአትላንቲክ ጋር የነበረው ግንኙነት ጠበበና ተዘጋ፤ ከሚገባው ውሃ የሚተነው በለጠ። ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የምርምር መርከብ በ1970 ወለሉን ስትቆፍር ጂፕሰምና ጨው አወጣች፤ ጨው ያለበት ክምችት በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። ባህሩ ሲወርድ ዓባይም ግብጽ ውስጥ እጅግ ጥልቅ ሸለቆ ቆርጦ ተከተለው፤ ያ ሸለቆ ዛሬ ከወንዙ በታች በደለል ተሞልቶ ተቀብሯል። ውሃው ስንት ሜትር እንደወረደ አሁንም ይከራከሩበታል። ይህ የአንድ ባህር ታሪክ መሆኑ ግን ግልጽ ነው፤ በዚያው ጊዜ ሌሎች ውቅያኖሶች እንዲህ አልጎደሉም።

ይህ ሁሉ ስለ ዛሬው የባህር መነሳት የሚለው አለ?

አለ። ከ1900 ወዲህ የባህር ጠለል 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነስቷል፤ ሳተላይት መለካት ከጀመረበት ከ1993 ወዲህ ደግሞ በአማካይ በዓመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዓለም ከዛሬ ብዙም ባልሞቀችበት ጊዜ፣ ባህሩ ከአሁኑ በበርካታ ሜትሮች ከፍ ያለ እንደነበር የኮራል እርከኖች ይመሰክራሉ። ከ14,500 ዓመት ገደማ በፊትም ታላላቅ በረዶዎች ሲፈርሱ 500 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ10 ሜትር በላይ ተነስቷል።

በ1931 ኮሊንዳ የተባለች የዓሣ አጥማጆች መርከብ በብሪታንያና በአውሮፓ አህጉር መካከል ካለው ከሰሜን ባህር ወለል አንድ ጓል የረግረግ አፈር በመረቧ አወጣች፤ ጓሉ ውስጥ ከቀንድ የተሠራ ባለጥርስ ጦር ነበር። ያ ወለል ሰው የሚያድንበት ምድር ነበር።

ገደል ፊት ቆሜ ምን ልፈልግ?

ከታች ይጀምሩ፤ ወደ ላይ ይውጡ። በእያንዳንዱ ንብርብር ቅንጣቱ አሸዋ፣ ጭቃ ወይስ ኖራ መሆኑን፣ ዛጎል ወይም የሥር ምልክት መኖሩን ይመዝግቡ። አንዱ ወደ ሌላው በዝግታ የሚለወጥ ከሆነ የዋልተር ሕግ ይሠራል። ለውጡ ስለታም ከሆነ፣ ለምሳሌ የሥር ምልክት ባለው አፈር ላይ ወዲያው የባህር ዛጎል ካረፈ፣ እዚያ ይቁሙ። መስመሩን ወደ ጎን ይከተሉት፤ ከስሩ ያሉትን ንብርብሮች የሚቆርጥ መሆኑን፣ ሸለቆ መሥራቱን፣ ከላዩ ጠጠር መኖሩን ያስተውሉ። ከዚያ በሚቀጥለው ገደል ላይ ያው መስመር መኖሩን ለማየት ይሂዱ።